የሁሉም የሆነው ቦታ ባለቤቱ ማን ነው?

ዋግ ውስጥ እንዳለችው ጽጽቃ ባለች ትንሽ ከተማ የመኖሪያ ግቢው የግል፣ መሥሪያ ቤቱ የመንግሥት ነው። የገበያው ሜዳ፣ የቦኖው ዙሪያ፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይስ የማን ነው? ብዙዎቻችን «የመንግሥት» ብለን እናልፋለን፤ ቆሻሻውም ቦዩን የሚደፍነው በዚሁ መልሳችን ምክንያት ነው።

አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ የጋራ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም አለ። ሰው አንድ ከብት ሲጨምር ትርፉ የራሱ፣ ጉዳቱ ግን የሁሉም ነውና። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም ግን የስዊዘርላንድን ተራራማ ግጦሽና የስፔንን የመስኖ ቦዮች መርምራ፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ሕግ ያወጡለት የጋራ ሀብት ለዘመናት ሊቆይ እንደሚችል አሳየች።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ስዊዘርላንድ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ የጓሳ ሜዳ በቄሮ ሥርዓት ለብዙ ትውልድ ተጠብቋል። ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች ሥር ሣሩ ለዓመታት ይከለከል ነበር፤ ሲከፈት ለቤት ክዳን የሚሆነው ይታጨድ፣ ቀጥሎ ከብት ይገባ ነበር፤ ደንቡን የጣሰም ይቀጣ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ የቆየው ሥርዓት ፈረሰ፣ ሜዳውም ተጎዳ። በኋላ ነዋሪው እንደገና ተደራጅቶ ጥበቃውን በእጁ አስገባ። ሣሩም፣ ቀይ ቀበሮውም፣ ጭላዳውም ዛሬ እዚያው አሉ።

ከተማ ውስጥ ነገሩ ይከብዳል፤ ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሁሉም አይተዋወቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ተጠቃሚው መለየት አለበት። ከቦኖው የሚቀዱት የየትኞቹ ሰፈሮች ሰዎች ናቸው? በገበያው ማን ይነግዳል? ደንቡን የሚያወጡት እነዚሁ ሰዎች ይሁኑ። ውሃ የምትቀዳው እናት ወረፋው የት እንደሚበላሽ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ እሷ የሌለችበት የውሃ ኮሚቴ አንድ ዓይኑ የታወረ ነው። ጠባቂውም ደመወዙን ከተጠቃሚው መዋጮ ይቀበል፤ ተጠሪነቱም ለእነሱ ይሁን። ቅጣቱ ከምክር ይጀምር፤ በመጀመሪያ ጥፋቱ ከባድ ቅጣት የተቀጣ ሰው ደንቡን እንደ ጠላት ያያል። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ የነዋሪውን ደንብ አጽድቆ ያክብርለት፤ ነገ በሌላ ትእዛዝ የሚሻረውን ደንብ ማንም አይጠብቀውም።

የዋግ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም። ጎርፍ የበላውን ተዳፋት በየበጋው ወጥቶ እርከን ይሠራል፣ ከከብት ይከልላል። እድሩንም ያለ መንግሥት በጀት ያስተዳድራል። እንግዲህ የሰፈር ሽማግሌዎችና የእድር ዳኞች፣ ክረምቱ ሳይገባ በቦኖው ዙሪያ ያለውን ሰው ሰብስቡ፤ ውሃ ቀጂ ሴቶችን አስቀድማችሁ ጥሩ።