ምዕራፍ ስድስት፦ የዘወትር ልብስ አቀማመጥ

መመሪያ፦ ከዚህ በታች የቀረበውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ቀጥለው የተሰጡትን መልመጃዎች ሥሩ።

ሀ. ምንባብ

ለሰው ልጅ ኑሮ መሠረታዊ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ልብስ ነው። ልብስ ገላን ከብርድና ከፀሐይ ይጠብቃል፤ ለባሹንም በሰው ፊት ያስከብራል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ልብስ ሲገዛ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ልብሱን ሲያስቀምጥ አያደርገውም። በብዙ ድካም የተገኘ ልብስ ተለብሶ ሳያረጅ በሣጥን ውስጥ ተበላሽቶ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ልብስን በምን ዐይነት ሁኔታ ማስቀመጥ እንደሚገባ ማወቅ የቤተሰብን ሀብትና ጤና መጠበቅ ነው።

ልብስ ከማስቀመጥ በፊት መለየት ይቀድማል። በአንድ ቤት ውስጥ የሚገኝ ልብስ በሦስት ሊከፈል ይችላል። አንደኛው እንደ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ በየዕለቱ የሚለበሰው የዘወትር ልብስ ነው። ሁለተኛው ለበዓልና ለሠርግ የሚወጣው የክት ልብስ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ተለብሶ ገና ያልታጠበው ነው። የዘወትሩ ልብስ እጅ ያለ ችግር በሚደርስበት መካከለኛ መደርደሪያ፣ የክቱ ከላይኛው ወይም ከታችኛው ክፍል ይቀመጣል። ያልታጠበው ግን ከሁለቱም ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው በቅርጫት መቀመጥ አለበት። እንዲህ ያልተለየ ልብስ ጠዋት አንዱን ለማውጣት ሁሉም ይተራመሳል፤ ተተኩሶ የተቀመጠውም ይጨማደዳል፤ ተማሪውም ከትምህርት ሰዓቱ ይዘገያል።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ “ልብሱ ይሰቀል ወይስ ይታጠፍ?” የሚለው ነው። መልሱ የሚገኘው ከልብሱ አሠራር ነው። ሸሚዝ፣ ኮትና የተተኮሰ ሱሪ በመስቀያ ላይ ቢሰቀሉ ቅርጻቸውን ይጠብቃሉ። ሹራብ ግን የተሠራው ከተያያዙ የክር ቀለበቶች ስለ ሆነ ሲሰቀል በራሱ ክብደት ወደ ታች ይለጠጣል፤ ትከሻውም ላይ የመስቀያው ጫፍ ጉብታ ያወጣበታል። ስለዚህ ሹራብ ታጥፎ ይቀመጣል። ጋቢና ነጠላም እንዲሁ ይታጠፋሉ። ነገር ግን ሁልጊዜ በአንድ መስመር የሚታጠፍ ሸማ በእጥፋቱ ላይ ክሩ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ከታጠበ በኋላ የእጥፋቱን መስመር መለዋወጥ ይጠቅማል።

ቁም ሣጥን በሌለበት ቤትም ቢሆን ሥርዓት አይጠፋም። ልብስን በግድግዳ ምስማር ላይ ማንጠልጠል የአንገትጌውን ጨርቅ ይበሳል፤ አቧራና የጢስ ሽታም ያስይዛል። ከዚህ ይልቅ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው በተወጠረ ገመድ ላይ በመስቀያ ሰቅሎ በንጹሕ አንሶላ መሸፈን ይሻላል። ሣጥን ወይም ሻንጣ ካለም ካናቴራና የውስጥ ልብስ እንደ መጽሐፍ በጎን በጎን ተደርድረው ቢቆሙ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ተደራርቦ የተከመረ ልብስ ግን የላይኛው ብቻ እየተለበሰ ቶሎ ያረጃል፤ የታችኛውም ይረሳል።

የተቀመጠ ልብስ ጠላቶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው እርጥበት ነው። በደጋው አገር በክረምት ወራት በደንብ ሳይደርቅ የታጠፈ ልብስ ሻጋታ ያወጣል፤ የሻጋታው ነጠብጣብም በእጥበት በቀላሉ አይለቅም። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ጥቂት ማራቅ፣ ሣጥኑን በጡብ ወይም በእንጨት ላይ ከፍ ማድረግ፣ ፀሐይ በወጣ ቀንም መዝጊያውን ከፍቶ ማናፈስ ይህን ችግር ይቀንሳል።

ሁለተኛው ብል ነው። ልብስ የምትበላው በክንፏ የምትበረው አይደለችም፤ ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ትል ነው። ይህ ትል ዋና ምግቡ የእንስሳ ፀጉር በመሆኑ ከሁሉ ይልቅ የሱፍ ልብስን፣ ባናንና በርኖስን ያጠቃል። ላብና የምግብ ፍንጣሪ የነካው ልብስ ደግሞ ይበልጥ ይስበዋል። ስለሆነም ለብዙ ጊዜ የሚቀመጥ ልብስ አስቀድሞ መታጠብ ይገባዋል። ብልን ለማራቅ የሚቀመጠው ናፍታሌን መርዝ ስለ ሆነ፣ ሕፃናት ከረሜላ መስሏቸው እንዳይውጡት ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው የልብስ ቅማል ነው። ይህ ተባይ የሚኖረውና እንቁላሉን የሚጥለው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። የታይፈስ በሽታ በልብስ ቅማል አማካይነት እንደሚተላለፍ ሻርል ኒኮል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1909 በቱኒስ ከተማ አረጋግጧል፤ ስለ ታይፈስ ባደረገው ምርምርም እ.ኤ.አ. በ1928 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። በአገራችን ብዙ ሰው ያጠቃው ግርሻም የሚተላለፈው በዚሁ ተባይ ነው። ብዙ ሰዎች ተጠጋግተው በሚያድሩበት ቦታ የአንዱ ያልታጠበ ልብስ ከሌላው ንጹሕ ልብስ ጋር ቢከመር፣ ተባዩ በቀላሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ልብስን ከ54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሞቀ ውኃ ማጠብና ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ ቅማሉንም እንቁላሉንም ይገድላል። እንግዲህ ያልታጠበ ልብስ ለብቻው ይቀመጥ የተባለው ለውበት ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከላይ የተገለጹት ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም፤ የሚጠይቁት ትጋትን ነው። በሳምንት አንድ ቀን ልብስን አውጥቶ መመልከት የላላውን ቁልፍ፣ የተተረተረውን ስፌትና የጀመረውን ሻጋታ በጊዜ ለማየት ያስችላል። አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ማለታቸው ለዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ነው። ዓመት ሙሉ ሳይለበስ የተቀመጠ ልብስ ቢገኝም ብል ከሚበላው የታረዘ ሰው ቢለብሰው ይበልጣል።

ለ. የቃላት ፍች

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍች ጻፉ፤ በእያንዳንዱም ቃል አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር መሥርቱ።

1. የክት
2. ይለጠጣል
3. ማናፈስ
4. ስፌት
5. የታረዘ

ሐ. የግንዛቤ ጥያቄዎች

1. ሸሚዝ ሲሰቀል ሹራብ የሚታጠፈው ለምንድን ነው?
2. በምንባቡ መሠረት ልብስን የሚበላው ምንድን ነው? ለብዙ ጊዜ የሚቀመጥ ልብስ መታጠብ የሚገባውስ ለምንድን ነው?
3. ያልታጠበ ልብስን ከንጹሕ ልብስ ጋር ማስቀመጥ በጤና ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት አስረዱ።
4. “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከምንባቡ መልእክት ጋር ያለውን ዝምድና ግለጹ።

መ. የጽሕፈት መልመጃ

በቤታችሁ የሚገኘውን የልብስ ማስቀመጫ በሚገባ ከተመለከታችሁ በኋላ፣ መሻሻል የሚገባውን ነገር ከነምክንያቱ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።