የሚርቀኝን ሰው ለምን እወዳለሁ?

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። የሚንከባከበኝ ሰው ሲመጣ ቶሎ ይሰለቸኛል፤ ስልክ የማያነሳው፣ ዛሬ ቀርቦ ነገ የሚጠፋው ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ የብዙ ሰው ጭንቀት ነው። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ ሕፃን ከአሳዳጊው ጋር የሚኖረው ትስስር በኋላ ዘመኑም አብሮት እንደሚዘልቅ አስረድቷል። ሲንዲ ሃዛንና ፊሊፕ ሼቨር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1987 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ወደ ፍቅር አመጡት። በጋዜጣ ካወጡት መጠይቅ መላሾች ከግማሽ በላዩ ተረጋግተው የሚወዱ፣ ሩብ ያህሉ መቀራረብን የሚሸሹ፣ የቀሩት ደግሞ «ይተወኝ ይሆን?» እያሉ የሚጨነቁ ሆኑ።

አንቺ ከመጨረሻዎቹ ትመስይኛለሽ። የሚርቅሽ ሰው ሦስት ቀን ጠፍቶ ማታ «እንዴት ነሽ?» የሚል መልእክት ሲልክልሽ ልብሽ ይዘላል። ያ ስሜት በአብዛኛው ከጭንቀት የመገላገል እፎይታ ነው፤ አንቺ ግን ፍቅር ብለሽዋል። የሚንከባከብሽ ሰው ስለማያስጨንቅሽ እፎይታውም የለም፤ ስለዚህ ሰለቸሽ።

እናትሽን ለመክሰስ አትቸኩይ። የልጅነት ትስስር ዝንባሌ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ከታማኝ ሰው ጋር በመኖር ሊለወጥ ይችላል። ቀጣዩን ደግ ሰው በሁለት ቀጠሮ አትሸኚው፤ ጥቂት ወራት ስጪው። ጭንቀቱ ከሥራ የሚያስተጓጉልሽ ከሆነ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ አማክሪ።