የቤተ ክርስቲያን ጣራ ሲታደስ፦ የምእመናንን ገንዘብ ከማይታመን ተቋራጭ ስለ መጠበቅ

የቤተ ክርስቲያን ጣራ ሲያፈስ የመቅደሱ ሥዕል፣ ንዋያተ ቅድሳቱና መጻሕፍቱ ለጉዳት ይጋለጣሉ። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤ ጣራ ለማደስ ሲነሣ ምእመናን ሳይሰስቱ ይሰጣሉ። ከእህል ሽያጭ የተረፈው፣ ከጡረታ አበል የተቀነሰው፣ በስለት የገባው ሁሉ ይሰበሰባል። ይህ ገንዘብ በማይታመን ተቋራጭ እጅ ሲወድቅ የሚጠፋው ብር ብቻ አይደለም። አሮጌው ቆርቆሮ ከተነሣ በኋላ ሥራው ከተቋረጠ ታቦቱ በመቃኞ ክረምቱን ይከርማል፤ ምእመናንም ለሚቀጥለው ጥሪ እጃቸው ያጥራል።

በዚህ ትምህርት ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የምናቀርበው ዋና አሳብ አንድ ነው፤ የተቋራጭ ታማኝነት የሚታወቀው በአንደበቱ ሳይሆን በልኬት፣ በሚዛንና በጽሑፍ ነው።

፩. ከኢዮአስ ዘመን የምንማረው

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 12 እንደ ተጻፈው በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን ለቤተ መቅደሱ ማደሻ ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር፤ ሆኖም እስከ ንጉሡ 23ኛ ዓመት ድረስ የፈረሰው አልታደሰም። በኋላ ካህኑ ዮዳሄ መክደኛው የተነደለ ሣጥን በመሠዊያው አጠገብ አኖረ። ገንዘቡ በበዛ ጊዜ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ በአንድነት ቆጠሩት፤ ለሥራው ተቆጣጣሪዎችም ሰጡት። እነርሱም ለአናጢዎችና ለግንበኞች ከፈሉ፤ እንጨትና ድንጋይም ገዙ።

በዚያው ምዕራፍ ሠራተኞቹ ታማኞች ስለ ነበሩ ሒሳብ እንዳልተጠየቁ ተጽፏል። አንዳንዶች ይህን ይዘው በቤተ ክርስቲያን ሥራ ውልና ቁጥጥር ማብዛት አለመተማመን ነው ይላሉ። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን እናስተውል። ገንዘቡ አስቀድሞ በሁለት ሰዎች ፊት ተቆጥሯል፤ ተቆጣጣሪም ተሹሟል፤ ታማኝነታቸውም የተመሰከረላቸው ሥራውን ከሠሩ በኋላ ነው። ቁጥጥር ታማኙን ሠራተኛ ከሐሜት ይጠብቀዋል፤ የሚሸሸውም የማይታመነው ነው።

፪. የሚደጋገሙ የማታለያ መንገዶች

የመጀመሪያው ጥድፊያ ነው። ግንቦት ሊያልቅ ሲል የሚመጣ ተቋራጭ «ዝናቡ ሳይገባ ዛሬውኑ እንጀምር» በማለት ጉባኤው ሌላ ዋጋ እንዳይጠይቅ ያደርጋል። ሁለተኛው በመንፈሳዊ ቃል መሸፈን ነው። «ለቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ያለ ትርፍ እሠራለሁ» የሚል ሰው በእውነት በጎ አድራጊ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም በጎ አድራጊው ቅናሹን በውሉ ላይ በቁጥር ለማስፈር አያመነታም። ሦስተኛው ዝቅተኛ ዋጋ አቅርቦ ጣራው ከተከፈተ በኋላ «ወራጁ በስብሶ ተገኘ» እያለ ተጨማሪ መጠየቅ ነው። ያን ጊዜ ሕንጻው ክፍት ስለሚሆን ጉባኤው እምቢ ለማለት ይቸገራል። አራተኛው ወፍራም ቆርቆሮ ለናሙና አሳይቶ ቀጭኑን ማቅረብ ነው። አምስተኛው አሮጌውን ቆርቆሮና እንጨት ሳይቆጠር ጭኖ መውሰድ ነው፤ እርሱም የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው፤ ተሽጦ ለሥራው ሊውል ይችላል።

፫. ተቋራጭ ከመጥራት በፊት መለካት

የጣራውን ስፋት የማያውቅ ጉባኤ የቀረበለትን ቁጥር ሁሉ ይቀበላል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ከሆነና ጣራው እንደ ጃንጥላ በአንድ ወጥ ተዳፋት የሚወርድ ከሆነ ስፋቱን በቀላሉ ማስላት ይቻላል። ከመሐል እስከ ጣራው ጠርዝ ያለው አግድም ርቀት፣ ከጉልላቱ ሥር እስከ ጠርዙ ባለው የተዳፋቱ ርዝመት ይባዛል፤ ውጤቱም በ3.14 ይባዛል። ለምሳሌ አግድሙ 9 ሜትር፣ ተዳፋቱ 10 ሜትር ቢሆን ስፋቱ ወደ 283 ካሬ ሜትር ነው። በክብ ጣራ ላይ ቆርቆሮው ወደ ጉልላቱ እየጠበበ ስለሚቆረጥ ብክነቱ ከአራት ማዕዘን ጣራ ይበልጣል፤ በመደራረቡም የሚቀነስ አለ። ስለዚህ ተቋራጩ ለብክነትና ለድራቢ የጨመረውን ለይቶ በጽሑፍ ያሳይ። ጣራው ባለ ሁለት ደረጃ ከሆነ ልኬቱን ባለሙያ እንዲሠራው እንመክራለን።

እንጨቱም ከውል በፊት ይመርመር። ወራጁና ማገሩ በስለታም ጫፍ ሲወጋ በቀላሉ የሚበሳ ከሆነ ምስጥ ወይም ብስባሽ አለበት። የሚለወጠው እንጨት ብዛት ተገምቶ፣ ከግምቱ በላይ ቢገኝ የአንዱ ዋጋ ስንት እንደሚሆን በውሉ ይጻፍ። ያን ጊዜ ሦስተኛው ማታለያ በር ያጣል።

ቤተ ክርስቲያኑ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጥገና ከመጀመሩ በፊት የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን የሚያቃልል ተቋራጭ ለሥራው አይመጥንም።

፬. ቆርቆሮን በሚዛን መፈተን

የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ይነገራል፤ የጌጁ ቁጥር በጨመረ መጠን ግን ውፍረቱ ይቀንሳል። ባለ 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 35 ጌጅ ደግሞ ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን የማያውቅ ገዢ «ቁጥሩ ከፍ ያለው ይሻላል» ሲባል ሊቀበል ይችላል። ስለዚህ በውሉ ላይ ከጌጁ ጋር ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ይጻፍ።

ውፍረት መለኪያ መሣሪያ ባይኖር ሚዛን ይበቃል። የቆርቆሮው ርዝመት ይለካል፤ ወርዱ ግን የሞገዱን ከፍታና ዝቅታ ተከትሎ በተዘረጋ ክር ይለካል። ሁለቱ ሲባዙ ስፋቱ ይገኛል። ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቆርቆሮ በካሬ ሜትር ከ3 ኪሎ ግራም ጥቂት ይበልጣል። ለምሳሌ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ በክር የተለካ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 5.6 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ባለ 0.3 ሚሊ ሜትሩ ወደ 4.2፣ ባለ 0.2 ሚሊ ሜትሩ ወደ 2.8 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ጭነት ጥቂቶቹ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ተመርጠው ይመዘኑ፤ የመጀመሪያው ጭነት ትክክል መሆኑ ለሁለተኛው ዋስትና አይሆንም።

፭. ውልና ክፍያ

ቢያንስ ከሦስት ተቋራጮች ዋጋ በታሸገ ፖስታ ይጠየቅ፤ ሁሉም በአንድ የሥራ ዝርዝር ላይ ይወዳደሩ። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የብቃት ማረጋገጫና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይታይ። ከዚህ ቀደም የሠራው ጣራ ቢያንስ ሁለት ክረምት ካለፈበት ስፍራ ሄዶ መጠየቅ ከብዙ የምስክር ወረቀት ይበልጣል። ከጉባኤው አባላት የተወዳዳሪ ዘመድ ያለው ቢኖር ግንኙነቱን ተናግሮ ከውሳኔው ይገለል።

ጉባኤው አቅም ካለው ቆርቆሮውንና እንጨቱን ራሱ በሕጋዊ ደረሰኝ ገዝቶ ለተቋራጩ የእጅ ዋጋ ብቻ ቢከፍል የማታለያው በር ይጠብባል። ቅድሚያ ክፍያ የግድ ከሆነ በባንክ ዋስትና ይሁን። ቀሪው በሥራው ደረጃ ይከፈል፤ እንጨቱ ተጠናቆ ሲታይ፣ ቆርቆሮው ሲመታ፣ አሸንዳው ገብቶ ስፍራው ሲጸዳ። ከጠቅላላው ዋጋ ለምሳሌ 10 በመቶ ተይዞ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ይለቀቅ፤ እውነተኛው ፈታኝ ዝናብ ነውና።

፮. ሥራው ሲካሄድ

ጉባኤው ሁለት ተቆጣጣሪዎች ይሰይም፤ በየቀኑ የገባውንና የወጣውን በመዝገብ ይጻፉ። ምስማሩ ጎማ ያለው ይሁን፤ የሚመታውም ውኃ በሚወርድበት ጉድባ ሳይሆን በሞገዱ ጀርባ ላይ ይሁን። ጣራው በሙሉ በአንድ ቀን አይገለጥ፤ በቀን ሊከደን የሚችለው ያህል ብቻ ይነሣ። ታቦቱ ወደ መቃኞ የሚወጣበት ቀንም ዕቃው ተሟልቶ ከተመዘነ በኋላ ይወሰን እንላለን። ተቋራጩ ገና ያላመጣውን ቆርቆሮ ተስፋ አድርጎ መቅደሱን መክፈት ምእመናንን ለጭንቀት መዳረግ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የአጥቢያችን ጣራ ስፋት ስንት ካሬ ሜትር ነው? በመዝገብ ተጽፏልን?
2. ለሥራው የሚሰበሰበውን ገንዘብ የሚቆጥሩት እነማን ናቸው? ለምእመናንስ መቼ ይነገራል?
3. ካለፈው ጥገና የተነሣው አሮጌ ቆርቆሮ ወዴት ሄደ?

ጉባኤው እነዚህን ጥያቄዎች ከመስቀል በኋላ ተወያይቶ ቢመልስ በበጋው ወራት ያለ ጥድፊያ ለመሥራት ጊዜ ያገኛል። በየወሩም የገባውና የወጣው በዐውደ ምሕረት ሲነገር፣ ከጥቂቱ የሰጠችው እናት መባዋ በየትኛው ቆርቆሮ ላይ እንደ ዋለ ቀና ብላ ታያለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።