ስለ ሩጫና ስለ መንፈሳዊ ተጋድሎ

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በፊተኛው መልእክቱ በምዕራፍ 9 የክርስቲያንን ሕይወት በሩጫ መስሎ ያስተምራል። ምሳሌውን ከሩቅ አላመጣውም። በቆሮንቶስ አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ የውድድር በዓል ይደረግ ነበር፤ ሐዋርያውም በዚያች ከተማ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጦ አስተምሯልና ሰሚዎቹ ነገሩን አሳምረው ያውቁት ነበር። ለአሸናፊው የሚሰጠው አክሊል ከቅጠል የተጎነጎነ ስለ ሆነ ብዙ ሳይቆይ ይጠወልጋል። ለሚጠወልግ ቅጠል ያን ያህል ከደከሙ፥ ለማይጠፋው አክሊል የተጠራን እኛ ምን ያህል ልንተጋ ይገባናል? የምሳሌው ምሥጢር ይህ ነው።

ይሁን እንጂ «ሥጋን ማሠልጠን ለመንፈሳዊ ሰው ምን ይረባዋል?» የሚሉ ምእመናን አሉ። ለዚህም መልሱ በዚያው ሐዋርያ ዘንድ ይገኛል። ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የሥጋ ልምምድ ጥቅሙ ጥቂት መሆኑን፥ እግዚአብሔርን መምሰል ግን ለዚህም ለሚመጣውም ሕይወት እንደሚበጅ ነግሮታል። ጥቂት አለው እንጂ ከንቱ አላለውም። ሥጋ ታዛዥ አገልጋይ ሲሆን ነፍስን ያግዛታል፤ ጌታ ሲሆን ግን ያሰናክላታል።

እኔም በየማለዳው መሮጥን ልማድ ካደረግሁ ወዲህ ሦስት ነገር አስተውያለሁ። አንደኛው፥ ትግሉ የሚጀምረው በመንገድ ላይ ሳይሆን በመኝታ ላይ ነው። ብርዱን ተቋቁሞ የተነሣ ሰው ግማሹን ድል አግኝቷል፤ ለሌሊት ጸሎት የሚነሣም ይህን ያውቃል። ሁለተኛው፥ በመጀመሪያው ግለት የፈጠነ በዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። በዘወረደ ከዐቅሙ በላይ ስግደት ጀምሮ ደብረ ዘይት ሳይደርስ የሚተው ሰው ይህን ይመስላል። ሦስተኛው፥ አንድ ቀን መቅረት ሁለተኛውን ይወልዳል። አባቶቻችን የጸሎትን ጊዜያት ሰባት አድርገው መወሰናቸው፥ ጾምንም በቀን መደንገጋቸው ስለዚህ ይመስለኛል፤ ትጋትን ለፈቃዳችን ቢተዉት ኖሮ ፈቃዳችን በየቀኑ ምክንያት ባገኘ ነበር።

ከአገራችን ሰዎች የዚህ ነገር ምስክር ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጽሞ፥ ለቆስጠንጢኖስ ድል መታሰቢያ በቆመው ቅስት አጠገብ አሸነፈ። ያ ድል በአንድ ሌሊት የተገኘ አይደለም፤ በክብር ዘበኛ ሳለ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እየተመራ የደከመበት ነው። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ በቶኪዮ ዳግመኛ አሸነፈ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን ሩጫውን ለማቋረጥ ተገደደ፤ ድሉንም ባልንጀራው ማሞ ወልዴ ተቀበለ። በዚያው ዓመት በደረሰበት የመኪና አደጋ እነዚያ እግሮች መራመድ ተሳናቸው።

እንግዲህ ሩጫ የእግር ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአበበ ሩጫ በዚያ ቀን ባበቃ ነበር። እርሱ ግን ድሉንም አደጋውንም ከእግዚአብሔር ፈቃድ ቈጥሮ ተቀበለ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦም በቀስት ውድድር ተካፈለ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ የሮጠው ይህ ሩጫ ከሮሙ ይልቅ ረጅምና አስቸጋሪ ነበር፤ ሕዝብም በመንገድ ዳር ቆሞ አላጨበጨበለትም።

ይህንም ጻድቁ አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖት አስቀድመው አሳይተውናል። ከቁመት ብዛት የተነሣ አንዲቱ እግራቸው እስክትሰበር ድረስ በጸሎት እንደ ተጋደሉ ገድላቸው ይነግረናል። በአንድ ስፍራ ቆመው ሳሉ ሯጭ ሁሉ ከማይደርስበት ደረሱ።

ስለዚህ ጤና ያለው ይሩጥ፤ ነገር ግን ሩጫው ኪዳንና ቅዳሴ አያስቀርበት፥ ለከንቱ ውዳሴም አይሁንበት፤ እርምጃውንም «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ከሚለው ጸሎት ጋር ያስማማ። ሕመም ወይም እርጅና የያዘው ደግሞ «እኔስ ከሩጫው ወጣሁ» አይበል። በአልጋው ላይ ሆኖ የሚታገሥ፥ የሚያመሰግንና ለሌላው የሚጸልይ ሰው በሩጫው መካከል አለ። በፊታችን የቀደመው፥ በፍጻሜውም የሚጠብቀን ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሁላችንን እስከ መጨረሻው ያጽናን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።