የዝንጀሮ ራስ

ከሰሃላ የመጣ ወጣት ዲያቆን ከመሪጌታው ጋር ሰቆጣ አጠገብ ባለው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጧል።

ዲያቆኑ፦ የኔታ፣ የእኛ የሰሃላው ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው። ይኼ ደግሞ ከዓለት የተፈለፈለ። የጥንቱ አሠራር የትኛው ነው?

የኔታ፦ ክቡ ኋላ የመጣ ነው ልጄ። የቀደሙት አራት ማዕዘን አድርገው፣ ወደ ምሥራቅ አስረዝመው ነበር የሚሠሩት። እስቲ የእናንተን አስበው፤ ቅኔ ማኅሌቱ ክብ፣ ቅድስቱም ክብ። መቅደሱስ?

ዲያቆኑ፦ መቅደሱማ አራት ማዕዘን ነው!

የኔታ፦ አየህ፣ የጥንቱ መሃል ላይ ተቀምጦላችኋል። በል የጥንቱን የግንብ አሠራር ላሳይህ፤ እነዚያን ድንጋዮች አቀብለኝ።

(የኔታ ድንጋዮቹን በሁለት ረድፍ ደረደሩና መቋሚያቸውን አግድም ጣሉባቸው። ጫፉ ከረድፉ አልፎ ወጣ። ሌላ ድንጋይ ደረቡበት።)

የኔታ፦ የአክሱም ግንበኛ ድንጋዩን የሚያያይዘው በጭቃ ነበር። ጭቃ ብቻውን ግንብ አይይዝም። ስለዚህ በየመሃሉ ረጅም ግንድ በቁመቱ ያጋድማል፤ አጭሩን ደግሞ እንዲህ አሻግሮ የውስጡንና የውጭውን ፊት ያስራል። ይህች ወጥታ የቀረችው ጫፍ ስሟ የዝንጀሮ ራስ ነው። በትግራይ ደብረ ዳሞ ላይ ዛሬም ትታያለች። ላስታ ወርደህ ይምርሐነ ክርስቶስን ብታይ፣ በዋሻ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ግንዱና በኖራ የተለሰነው ድንጋይ ተራ በተራ እየተደራረቡ ጥቁርና ነጭ ሆነው ታገኛቸዋለህ።

ዲያቆኑ፦ ዓለት የሚፈለፍል ሰው ግን ማሰሪያ ግንድ ምን ያደርግለታል?

የኔታ፦ ምንም! ይኼን ጥያቄ ወድጄልሃለሁ። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ የታችኞቹን መስኮቶች ማዕዘን ተመልከት፤ የእንጨቱ ጫፍ ከዓለቱ ተጠርቦ ወጥቷል። ቤተ አማኑኤልም ግድግዳው ግንድ የተጋደመበት ይመስላል፣ ሁሉም አንድ ድንጋይ ነው። ነገሩ ከዚያም ይቀድማል። አክሱም ላይ የወደቀው ትልቁ ሐውልት፣ 33 ሜትር የሚሆነው፣ በርና መስኮት፣ የዝንጀሮ ራስም ተቀርጾበታል። እነዚያ ሰዎች ቤት ማለት ይህ ነው ብለው ያውቁ ነበር፤ ለእግዚአብሔር ቤት ሲሠሩ የሚያውቁትን መልክ ሰጡት።

ዲያቆኑ፦ የእኛ አገር ዋግስ ከዚህ ምን ድርሻ አለው?

የኔታ፦ ላሊበላን ያነጹት የዛጉዌ ነገሥታት አገው ናቸው ልጄ፣ የላስታና የዋግ ሰዎች። እ.ኤ.አ. በ1270 መንግሥቱ ከእጃቸው ሲወጣ ዋግ ለዘራቸው ቀረ ይባላል፤ የዋግ ገዢዎች የነበሩት ዋግ ሹሞችም ትውልዳቸውን ከዚያ ይቆጥራሉ። የአንዳንዶቹ አስከሬን እዚሁ በሣጥን ተቀምጧል። ይህ ደጅ የአባቶችህ መቃብርም ነው።

ዲያቆኑ፦ የእኛን ቤተ ክርስቲያን አፍርሰው በብሎኬት ሊሠሩት እየተነጋገሩ ነው።

የኔታ፦ (ዝም ብለው ቆዩ።) አዲሱን ይሥሩ፣ አልከለክልም፤ ግን ከጎኑ ይሁን። የጭቃውን ግንብ በሲሚንቶ አይለስኑት፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ውስጡን ይበላዋል። ጣሪያው ካፈሰሰ ቶሎ ይከደን። ሂድና ለካህናቱም ለሽማግሌዎቹም ንገራቸው፦ የቅርስ ባለሙያ መጥቶ ሳያየው አንድ ድንጋይ እንዳይነሣ።