በሰውነት ውስጥ የሚተከል የልብ ዘብ፦ የዶክተር ሚሼል ሚሮውስኪ ሥራ

ከልብ ምት መዛባት ዓይነቶች ሁሉ የከፋው ቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን የሚባለው፣ ማለትም ደምን ወደ ሳንባና ወደ መላ ሰውነት የሚገፉት ሁለቱ የታችኛ የልብ ክፍሎች ሥርዓት አጥተው የሚንቀጠቀጡበት ሁኔታ ሲሆን፣ በደቂቃዎች ውስጥ በኤሌክትሪክ ንዝረት ካልተስተካከለ ሕይወትን ያጠፋል። ንዝረቱን የሚሰጠው ዲፊብሪሌተር ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሆስፒታል የሚቀመጥ ግዙፍ መሣሪያ ስለነበር፣ በቤቱ ወይም በመንገድ ላይ ለወደቀ ሕመምተኛ አይደርስለትም ነበር።

ይህን ክፍተት ለመድፈን የተነሡት ዶክተር ሚሼል ሚሮውስኪ እ.ኤ.አ. በ1924 በዋርሶ ተወልደው፣ ገና በ15 ዓመታቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሸሽተው ወደ ሶቪየት ኅብረት የተሰደዱ፣ ከጦርነቱም በኋላ በፈረንሳይዋ ሊዮን ሕክምና የተማሩ ሰው ናቸው። በኋላ በሠሩባት በእስራኤል አለቃቸውና መምህራቸው የነበሩት ፕሮፌሰር ሐሪ ሄለር እየደጋገመ በሚነሣ የልብ ምት መፍጠን ታመው በ1966 ሲሞቱ፣ ሚሮውስኪ ሕመምተኛን ዕድሜ ልኩን በሆስፒታል አስተኝቶ መጠበቅ እንደማይቻል ስለተረዱ፣ ዲፊብሪሌተሩን አሳንሶ በሰውነት ውስጥ የመትከል ሐሳብ ያዙ።

በ1968 ወደ ባልቲሞር ሲናይ ሆስፒታል ተዛውረው ከዶክተር ሞርተን ማወር ጋር ሥራውን ቢጀምሩም፣ በ1972 ብርቱ ተቃውሞ ገጠማቸው፤ ተቃዋሚው ዘመናዊውን ዲፊብሪሌተር ያበረከቱት በርናርድ ላውን መሆናቸው ደግሞ ነገሩን አከበደው። ላውን መሣሪያው ለየትኛው ሕመምተኛ እንደሚያገለግል አልታወቀም ብለው ነበር፤ ጥያቄውም በእውነት ተገቢ ነበር። የሚሮውስኪ ታላቅነት የሚታየው ተቃውሞውን በክርክር ሳይሆን በሥራ በመመለሳቸው ነው፤ ከልብ ጋር በቀጥታ የሚገናኙ ኤሌክትሮዶች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ጫፎች፣ ከደረት ውጭ ከሚያስፈልገው በመቶዎች የሚቆጠር ጁል (የጉልበት መለኪያ) ይልቅ በ30 ጁል ገደማ ልብን መመለስ እንደሚችሉ አሳዩ። መሣሪያው የተተከለለት ውሻ ልቡ እንዲዛባ ተደርጎ ሲወድቅና በንዝረቱ ኃይል ሲነሣ የሚያሳይ ፊልም አዘጋጁ፤ ውሻው ለመውደቅ የሠለጠነ ነው የሚሉ ተጠራጣሪዎች ሲነሡ ደግሞ የልቡን የኤሌክትሪክ ምዝገባ አብረው አቀረቡ።

በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1980 በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪሙ ሌቪ ዋትኪንስ መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ውስጥ ተከሉት፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ1985 ፈቀደው። ሚሮውስኪ በ1990 አረፉ። መጀመሪያ ላይ መሣሪያው የሚተከለው ልባቸው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቆሞ ለተረፉ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ ጊዜም ሳይቆም፣ የልባቸው ጡንቻ እጅግ በመድከሙ ለአደጋው ለተጋለጡ ሰዎች አስቀድሞ ይተከላል።