ጉማሬና የባሕር ዘመዱ

ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኩምሣ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ለማየት እንጂ ባሕር ለማየት ወደ እርሷ የሚሄድ የለም። ይሁን እንጂ ስለ ዓሣ ነባሪ ለምናጠና ተማሪዎች ትምህርቱ ከከተማዪቱ ወደ ጊምቢ ቁልቁል ወርደን ደዴሳ ወንዝ ስንደርስ ይጀምራል። በዚያ ሸለቆ በአማርኛ ጉማሬ፣ በኦሮምኛ ሮቢ የተባለው እንስሳ ይኖራልና።

አስቀድመን ስሙን እንመርምር። «ዓሣ ነባሪ» የሚለው ስም ያሳስታል፤ እንስሳው በሳንባ ይተነፍሳል፣ ይወልዳል፣ ያጠባል። ጉማሬንም ሊቃውንት ለብዙ ዘመን የእሪያ የቅርብ ዘመድ አድርገው ቆጥረውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረገው የዲ ኤን ኤ ምርመራ ግን ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪ የሚቀርበው ጉማሬ መሆኑን አሳየ። በ2001 ደግሞ በፓኪስታን የተገኙ የጥንት ዓሣ ነባሪዎች የቁርጭምጭሚት አጥንቶች የፍየልና የበሬ ወገን መሆናቸውን መሰከሩ። ይህም ማለት አንዱ ከሌላው ወጣ ማለት ሳይሆን፣ ሁለቱ ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ አንድ ቅድመ አያት አላቸው ማለት ነው።

ጉማሬ ሲጠልቅ አፍንጫውንና ጆሮውን ይዘጋል፤ ግልገሉንም ውኃ ውስጥ ያጠባል። ይህን ሁሉ ከቅድመ አያቱ ወረሰው ማለት ግን ችኮላ ነው፤ ሁለቱ ውኃን ለየብቻቸው ሳይለምዱት አልቀሩም። እንዲያውም ጉማሬ በደንብ አይዋኝም፤ የወንዙን ወለል እየረገጠ ይሄዳል!

ለቆጠራ የሚመቸው በጋ ነው፤ ወንዙ ሲጎድል መንጋው በጥልቁ ስፍራ ይሰበሰባል። አንድ ጉማሬ 5 ደቂቃ ያህል ሳይተነፍስ ሊቆይ ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ ቆጥሮ መሄድ ዋጋ የለውም። ግማሽ ሰዓት ተቀምጠን ደጋግመን እንቆጥራለን፤ የምንመዘግበውም በአንድ ጊዜ ያየነውን ከፍተኛውን ቁጥር ነው። ከፍ ካለ ቦታ ላይ እንሁን፤ በጉማሬና በውኃው መካከል መቆም ሞትን መጥራት ነው።

ጉማሬ በሌሊት ወጥቶ 40 ኪሎ ያህል ሣር ይግጣል። የወንዙ ዳር ሲታረስ ሣሩ ይጠፋል፤ እርሱም ወደ በቆሎው ይገባል። ገበሬው የዓመት ቀለቡን በአንድ ሌሊት ሲያጣ ጦር ቢያነሣ፣ ከከተማ ሆኖ እርሱን መውቀስ ቀላል ነው። ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ወለጋ የምንሄድ ሁሉ ጉማሬውን ስንቆጥር፣ ገበሬውንም ማሳውን ሲጠብቅ ስንት ሌሊት እንዳደረ እንጠይቅና ከቁጥሩ ጎን እንጻፍ።